«ሒሳብ አልችልም» ያለኝ የታክሲ ረዳት

ኅዳር 2015 ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ልሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መኪናው ሞላ፣ ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋና «ሒሳብ! ሒሳብ ወጣ ወጣ አድርጉ!» አለ።

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት 200 ብር አቀበሉት። «የሦስት ሰው ነው፤ ሁለታችን መጨረሻ ነን፣ ልጅቷ ገበያው ጋ ትወርዳለች።» ከመሀል አንዱ 50 ሰጠው፣ ከጎኑ ያለው 100። አንዷ ደግሞ «ከፊት ያለው የኔን ይከፍላል» አለች፤ ከፊት ያለው ግን አልሰማም። ልጁ ብሮቹን በጣቶቹ መሀል እያጠፈ «መልስ አለህ፣ መልስ አለሽ» እያለ ወደ እኔ ደረሰ። 10 ብር ዘረጋሁለት። አየኝና እጁን ሰበሰበ።

«ቲቸር! ኧረ አይከፈልም!»

እውነቱን ለመናገር አላወቅኩትም። ፂም አብቅሏል፣ ድምፁም ጎርንኗል። «ዘጠነኛ ኤፍ ነበርኩ፣ በ2008። ኋላ የምቀመጠው» ሲለኝ ነው ፊቱ የመጣልኝ። ፊቱ ሲመጣ ሌላም ነገር አብሮ መጣ፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

«ለምንድን ነው ያቋረጥከው?» አልኩት። ሳቀ። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ሒሳብ አልችልም። እርስዎ ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፤ የኔ ጭንቅላት ነው እንቢ ያለው።» ይህን ብሎኝ ሳይጨርስ ወደ ኋላ ዞረና «እናት፣ መልስዎ 160 ነው አይደል? ይኸው» አላቸው። ከዚያ ለባለ 50ው፣ ከዚያ ለባለ 100ው። አንዱንም አልተሳሳተም፣ አንዱንም ደግሞ አልጠየቀም።

ልብ በሉልኝ። ቀኑን ሙሉ «ሒሳብ! ሒሳብ!» እያለ የሚጮኽ፣ ሒሳብ ሠርቶ የሚበላ ልጅ ነው «ሒሳብ አልችልም» ያለኝ። ደግሞ የምሩን ነው።

አሁን ያን ሌላውን ነገር ልንገራችሁ።

በ2008 ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። 64 ተማሪ ያለበት ክፍል፣ ከሰዓት ፈረቃ፣ ሙቀት። ይህን ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንዲሠራ ጠራሁት። ትልቅ ጥያቄ አልነበረም፤ መሀሉ ላይ 1/2 ሲደመር 1/3 የሚል ነገር ነበረበት። ልጁ 2/5 ብሎ ጻፈ። ላይ ያሉትን ደመረ፣ ታች ያሉትን ደመረ። እኔም ጠመኔውን ከእጁ ተቀብዬ «አንተ በማን ትከሻ ነው ዘጠነኛ ክፍል የደረስከው?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ፈገግ አልኩ። ዛሬ ላይ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ሲስቁልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስሙ አጠገብ «ያቋረጠ» ተብሎ ተጻፈ። በእኔ አንድ ቃል ብቻ ነው ያቋረጠው ብዬ ራሴን ማጋነን አልፈልግም። የቤት ኪራይ አለ፣ የአባት መታመም አለ፣ የማላውቀው ብዙ ነገር አለ። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ይዞት የዞረው ዓረፍተ ነገር የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ የራሱ መስሎታል።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጣ። ታስታውሳላችሁ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ሁሉም ሰው ስለ 12ኛ ክፍል ማውራት ጀመረ። እኛ ትምህርት ቤትም ስብሰባ ተጠራ፤ እንደተለመደው ጥፋቱ ከእኛ ወደ ታችኛው ክፍል፣ ከታችኛው ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ስልክና ቲክቶክ ተሸጋግሮ አረፈ። መጨረሻ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ዝቅተኛ ውጤት ላላቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ ተባለ። ሒሳቡን እኔ ወሰድኩ። ለምን እንደወሰድኩ ለማንም አልተናገርኩም። የታክሲው ጉዳይ ነበር።

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር አበላሸሁት።

ስም ዝርዝር አውጥተን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን፦ 31 ተማሪ። ከ50 በታች ያመጡ። በነጋታው ትምህርት ቤቱ በሙሉ «የሰነፎች ክላስ» የሚል ስም አወጣለት። ቅዳሜ ጠዋት 11 ልጆች መጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ 8። «ይኸው፣ እድል ስትሰጣቸው እንኳ አይመጡም» አልኩ ለአንድ ባልደረባዬ። እሱ የዕድሜ ጠገብ የጂኦግራፊ መምህር ነው። «ቅዳሜ እኮ ስንቅ የሚያመጡበት ቀን ነው» አለኝ።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት አስተምሬ ይህን አላሰብኩትም። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ወይ ቅዳሜ ማለዳ በእግራቸው ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ እንጀራና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ቅዳሜ ክላስ ና ማለት ሳምንቱን ሳትበላ ክረም ማለት ነው። እኛ «ፍላጎት የላቸውም» ብለን ሪፖርት ልንጽፍ ነበር። ክፍለ ጊዜውን ወደ ረቡዕ አዞርነው። ዝርዝሩን ከሰሌዳው ላይ ራሴ ቀደድኩት፤ «የፈለገ ይምጣ፣ ጎበዝም ይምጣ» ተባለ። በሁለተኛው ረቡዕ 27 መጡ፤ ከነሱ ውስጥ ሦስቱ ዝርዝሩ ላይ ያልነበሩ፣ ከክፍላቸው እስከ አስረኛ የሚወጡ ልጆች ነበሩ። እነሱ መምጣታቸው ስሙን በግማሽ ገደለው።

ሁለተኛው ስህተቴ ማበረታታት ነበር። አዎ፣ ማበረታታት።

ከታክሲው በኋላ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ማንንም አላዋርድም፣ ሁሉንም አደንቃለሁ ብዬ። አንዲት ልጅ ነበረች። ደብተሯን ብታዩት ትገረማላችሁ፤ ርዕሱ በቀይ፣ ከስሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጽሑፏ እንደ መጽሐፍ ነው። ከ61 ተማሪ 58ኛ ነበረች። ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ትገለብጣለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። መገልበጥ መደበቂያዋ ነበር። አቀርቅሮ የሚጽፍ ተማሪን መምህር አይጠይቅማ!

አንድ ቀን ጠየቅኳት። ቀላል ነገር ነው፤ የ7 ጊዜ 8 ዓይነት። መለሰች። እኔም በደስታ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» አልኩ። ተጨበጨበላት። አቀረቀረች። ክፍል ሲያልቅ በር ላይ ጠብቃኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ቲቸር፣ አያስጨብጭቡልኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ጎበዞቹ ያን ቢመልሱ ማንም አያጨበጭብላቸውም። ለኔ ሲጨበጨብ ምን ያህል እንደማልችል ነው የሚገባኝ።»

እዚያው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። በ2008 በስድብ ያደረግኩትን በ2015 በጭብጨባ እየደገምኩት ነበር ማለት ነው። «ከአንቺ ይህን ያህል አልጠበቅኩም» ነው የጭብጨባው ትርጉም። ልጆች ደግሞ ትርጉም አያመልጣቸውም።

እዚህ ላይ ስለ አነቃቂ ንግግር አንድ ነገር ልበል፤ የምትሠሩት ሰዎች አትቀየሙኝ። በዚያው መንፈቅ አንድ ተናጋሪ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፣ ድምፁ ያምራል። ተማሪውን በሙሉ ሜዳ ላይ አቁሞ «እችላለሁ!» ሦስት ጊዜ አስጮኸ። እኔም ጮኼአለሁ፣ ደስ ይላል። በነጋታው አጭር ፈተና ሰጠሁ፤ ያው ነው። ልጁ ትናንት «እችላለሁ» ብሎ ዛሬ ባዶ ወረቀት ሲመልስ ደግሞ አሁን ሁለት ነገር ነው የጎደለው፦ ሒሳቡም፣ ያ ጩኸትም።

ፒጂዲቲ ስንማር ባንዱራ የሚባል ሰው ነበር፤ ከእኔ ጋር የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሸምድደን ለፈተና ጽፈነው ረስተነዋል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው «ይህን ነገር እችላለሁ» የሚለው እምነት ከየት ይመጣል ብሎ አራት ምንጭ ያስቀምጣል። ሰው በቃል ሲያበረታታህ አንዱ ነው። እንዳንተ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት ሌላው ነው፣ ሰውነትህ ሲረጋጋ ወይም ሲጨነቅ የሚሰማህም አለ። ከሁሉም የሚበረታው ግን አንተው ራስህ ሠርተህ ሲሳካልህ ነው። ያኔ ይህን ጽፌ ከአምስት አምስት አግኝቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ልጅቷ በር ላይ እስክትነግረኝ አልገባኝም ነበር።

እሺ፣ ሠርተው እንዲሳካላቸው ከተፈለገ ከየት ይጀመራል? ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ላይ ነን፤ እነሱ ግን የጠፉት እዚያ አይደለም። ስም የማይጻፍበት ወረቀት ሰጠሁ፤ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ያሉ ጥያቄዎች። ከ27ቱ 19ኙ 1/2 ሲደመር 1/3 ላይ 2/5 ጽፈዋል። ያው 2/5! ሰባት ዓመት ቆይቶ ተመልሶ መጣብኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ፍራክሽን የሚል ቃል አልጻፍኩም። «እርሻ ሰው ቤት የኖረ ማን ነው?» አልኩ። እጅ ወጣ፣ ብዙ እጅ። «መሬት ለሌላ ሰው ሲሰጥ እንዴት እንዴት ነው የሚሰጠው?» በመስኮቱ በኩል የሚቀመጥ፣ እስከዚያ ቀን ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ «በእኩል አለ፣ በሲሶ አለ፣ በእርቦ አለ» አለ። «ምን ማለት ነው? ለእኔ ለከተሜው አስረዳኝ።» ተነሣ። ሰሌዳው ጋ ራሱ መጣ፤ አልጠራሁትም። በሬውና ዘሩ የማን እንደሆነ፣ መሬቱ ለም ነው ጭንጫ የሚለው ነገር ስምምነቱን እንዴት እንደሚለውጠው አብራራልን። ሲሶ ከሆነ አራሹ ለባለመሬቱ ከሦስት አንዱን ይሰጣል፤ እርቦ ከሆነ ከአራት አንዱን። እኔ እርቦ የሚለውን ቃል የማውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ እሱ ከአውድማ ነው።

«12 ኩንታል ስንዴ ቢገኝስ?» አልኩት።

«እኩል ከሆነ ባለመሬቱ ስድስት፣ ሲሶ ከሆነ አራት፣ እርቦ ከሆነ ሦስት።» ለማሰብ እንኳ አልቆመም።

«አንድ ሰው ከዚያ 12 ኩንታል ግማሹንና ሲሶውን ቢወስድስ?»

«አስር።»

«ከስንት?»

«ከ12።»

ሰሌዳው ላይ 10/12 ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ደግሞ 19ኙ የጻፉትን 2/5 ጻፍኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ከመሀል አንዷ «እንዴ!» አለች። «2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ይዞ ሲሶ ተጨምሮለት እንዴት ያንሳል?»

ክፍሉ ተንጫጫ። እንዲህ ያለ ጫጫታ ከልጆቹ ሰምቼ አላውቅም። «ማነው የበላበት?» ያለም ነበር፤ የ2/5ቱን ባለመሬት መሆኑ ነው። ሁሉም ሳቀ፣ ግን የሚሳቅበት ሰው አልነበረም። ቁጥሩ ላይ ነበር የሚስቁት።

ከዚያ በኋላ ታህቱን አንድ ማድረግ ማለት 12 ኩንታሉን መፈለግ ማለት ሆነ። «12 ኩንታሉ የት አለ?» እባባላለን። ቀስ ብዬ በአማርኛው ላይ እንግሊዝኛውን አለበስኩት። በእኛ አካባቢ ልጅ እስከ ስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይ፣ ላዕል፣ ታህት ሲል ያድግና ሰባተኛ ላይ ሲገባ ፍራክሽን፣ ኑመሬተር፣ ዲኖሚኔተር ይባላል። ሒሳቡ ያው ነው፤ ልጁ ግን አዲስ ሒሳብ የመጣ ይመስለዋል። ብዙዎቹ የጠፉት እዚያች መታጠፊያ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ማስተማር ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ግን ድልድዩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ «ይኼ እኮ ያ የምታውቀው ነው» ሊል ይገባል።

ስለ ዝምታው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ! ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። እኔን አይመለከትም አልኩና ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ራሴን ቀዳሁ። ማታ ሳዳምጠው አፈርኩ። «ስንት ይመጣል? እ? ስንት? … ስድስት፣ ጥሩ፣ ስለዚህ…» ራሴ ጠይቄ ራሴ መልሼ ራሴን «ጥሩ» እላለሁ! ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጠይቄ ከጀርባዬ በጣቶቼ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አምስት ሰከንድ እንደ አምስት ደቂቃ ነበር። ልጆቹም ግራ ገባቸው፤ «ቲቸር አመመዎት እንዴ?» ያለኝ አለ።

ወደ ባለደብተሯ ልጅ ልመለስ።

ጭብጨባ አቆምኩ። ልክ ሲሆን «ልክ ነው፣ እንዴት አገኘሽው?» ብቻ። ልክ ካልሆነም «እንዴት አገኘሽው?» ያው ድምፅ፣ ያው ፊት። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ፊትን መግራት ግን ወራት ይፈጃል። ልጆች መልሳቸው ስህተት መሆኑን የሚያውቁት ከቃላችን በፊት ከቅንድባችን ነው።

ሚያዝያ ውስጥ ነው። ሰሌዳ ላይ አንድ ኢኩዌሽን እየፈታሁ ሳለ አንድ ኔጋቲቭ ምልክት ወደ ማዶ ሳሻግር ረሳሁ። የምሬን ነው የረሳሁት። ቀጠልኩ፣ ሁለት መስመር ሄድኩ። ሁሉም ይገለብጣል። ዞር ስል የልጅቷ ብዕር ቆሟል። ደብተሯን ታያለች፣ ሰሌዳውን ታያለች። ምንም አላልኩም። ጣቶቼን ከኋላዬ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት አለፈ፣ አስር አለፈ።

«ቲቸር… ምልክቱ… ሦስተኛው መስመር ላይ።»

አየሁት። «ልክ ነሽ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩና ጠፈፍ አድርጌ አጥፍቼ አስተካከልኩ። ማንም አላጨበጨበም። ቀጠልን። እሷ ግን ያን ቀን ከደብተሯ ይልቅ ሰሌዳውን ስታይ ዋለች፤ ሁለተኛ ስህተት እየፈለገች መሆኗ ያስታውቃል።

ጥሩ ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ በሚቀጥለው ሳምንት ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። ወዲያው ነቁብኝ። «ቲቸር አውቀው ነው!» አሉኝ። ደግሜ አልሞከርኩም፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ነገር እውነተኛ መሆኑን ከዚያ ተረዳሁ። እውነተኛ ስህተት ከፈለጋችሁ ደግሞ ዝም ብሎ ማስተማር ነው፤ በየቀኑ ይመጣል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ እናቷ ለሌላ ጉዳይ ትምህርት ቤት መጥተው አገኘኋቸው። «ማታ ማታ ታናሽ ወንድሟን አስቀምጣ እያስተማረች ጆሯችንን ነው የምታደነቁረው» አሉኝ፤ እንደ ክስ አድርገው። «‹12 ኩንታሉ የት አለ?› ትለዋለች፤ እኛ ኩንታል የሚባል ነገር የለን ከየት አምጥቶ ነው?»

አሁን «ከክፍሏ አንደኛ ወጣች» እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልወጣችም። በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ ከመቶ 27 ነበራት፣ በሁለተኛው 46 አመጣች። 50 አልገባም። ካርዷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ አራት ነው የቀረኝ» አለችኝ። አልወደቅኩም አላለችም፤ ወደቅኩም አላለችም። አራት ነው የቀረኝ። የት የት ላይ እንደጠፉባት ታውቃለች፤ ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችኝ፤ አንዱ ላይ እንዲያውም ያረምኩት እኔ ተሳስቼ ነበር። 47 ሆነ።

ከ27ቱ ሁሉም እንዲህ አልሆኑም። አምስቱ ከፋሲካ በኋላ አልተመለሱም። አንዷ ዓረብ አገር ሄደች ተባለ፤ ፓስፖርት ስታወጣ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። አንዱ ልጅ ደግሞ እስከ መጨረሻው መጥቶ ምንም አልተለወጠም፤ ምን እንዳጣሁበት እስካሁን አላውቅም፤ ዓይኑ ሊሆን ይችላል ብዬ ከፊት አስቀመጥኩት፣ እሱም አልነበረም። ስለ አውድማ ያስረዳን የመስኮቱ ልጅ ግን አስረኛ ክፍል ገብቶ ረቡዕ ረቡዕ ለዘጠነኞቹ ያግዘኝ ነበር። ከእኔ በላይ ይሰሙታል። ልጁ ራሱ «የሰነፎች ክላስ» ውስጥ እንደነበር ያውቃሉ፤ እሱም አይደብቃቸውም።

መምህራን ጓደኞቼ «64 ተማሪ ይዘህ ይህን እንዴት ታደርገዋለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በመደበኛው ክፍል አላደርገውም፤ አልችልም። እዚያ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጆቼን ከኋላ አድርጌ እቆጥራለሁ። ደመወዛችንንም ኑሯችንንም ታውቁታላችሁ፤ ለረቡዑ ክፍለ ጊዜ የተባለው አበል አልመጣም፤ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም። ተቆጥታችሁ ወደ ክፍል የምትገቡበትን ቀን እኔም አውቀዋለሁ። በ2008ም ተቆጥቼ ነበር የገባሁት፤ የዚያን ቀን ያናደደኝ ምን እንደነበር ግን ጨርሶ አላስታውሰውም። ልጁ ግን የኔን ቃል እስከ ዛሬ ይዞታል።

ስለ እሱ ልጨርስ። ያን ቀን ከታክሲው ስወርድ ልነግረው የፈለግኩት ነገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ሰው ከኋላዬ «ውረድ እንጂ!» ሲለኝ ወረድኩ። «ሰላም ዋል» ብቻ ነው ያልኩት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር» አለኝ። ምን እንደሰጠሁት እንጃ!

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በዚያ መስመር ጠብቄዋለሁ። ሚኒባሱን አገኘሁት፣ ረዳቱ ግን ሌላ ልጅ ነው። «ያኛው ባጃጅ ይዟል፣ የራሱን» አሉኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የ2008 የ9ኛ ኤፍ ልጆች ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበራችሁ። ስልኩ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ምን ብዬ እንደምጀምርለት አላውቅም። ከ1/2 ሲደመር 1/3 እጀምራለሁ መሰለኝ።